ኤጀንቱ ኮሜንት ሲያርም ጽሑፍ ለምን ይጠፋል? ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ላሉ፣ የኤአይ ኤጀንትን (መሣሪያዎችን እየጠራ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራምን) ከኢሹ መከታተያቸው (የሥራና የችግር መዝገባቸው) ጋር ላገናኙ የሶፍትዌር ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ቶክኑ (ኤጀንቱ ወደ መከታተያው የሚገባበት ቁልፍ) እንደሚሠራና የማረሚያ መሣሪያው ለኤጀንቱ እንደሚታይ ተረጋግጧል ብለን እንነሳለን።

ምልክት፦ አንድ መስመር እንዲታረም ታዘዘ፤ የቀረው ኮሜንት ጠፋ።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ብልሽት ይህ ነው። የማዳበሪያ ሥርጭት መመዝገቢያ የሚሠራ አንድ ቡድን የሜጫን፣ የይልማና ዴንሳን፣ የጃቢ ጠህናንን፣ የደጀንንና የሌሎች ወረዳዎችን ሁኔታ በአንድ ረጅም ኮሜንት ይመዘግብ ነበር። ኤጀንቱ የጃቢ ጠህናንን መስመር «ተጠናቋል» ብሎ እንዲለውጥ ታዘዘ፤ ለወጠም፤ ኮሜንቱ ሲከፈት ግን የተገኘው ያ መስመር ብቻ ነበር። ቡድኑ ጥፋቱን በሞዴሉ አሳብቦ ሌላ ሞዴል ተካ፤ ያው ብልሽት ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱ ያለው በመሣሪያው መግለጫ (ኤጀንቱ ስለ መሣሪያው በሚያነበው ጽሑፍ) ውስጥ ነው። ጊትሃብ (ኮድና ኢሹዎች የሚቀመጡበት አገልግሎት) ኮሜንት ለማረም በፓች (ነባር መረጃን በሚያሻሽል) ጥያቄ የሚላክለትን ጽሑፍ በነባሩ ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተካል፤ የኮሜንቱ አካል አንድ መስክ ስለሆነ ከውስጡ አንድ ዐረፍተ ነገር ለይቶ ለመለወጥ የሚያስችል መንገድ የለም። ኤጀንቱ መሣሪያውን የሚጠቀመው መግለጫው በነገረው መሠረት ስለሆነ፣ «ኮሜንት ያርማል» ተብሎ ብቻ ሲጻፍለት የታረመችውን መስመር ብቻ ይልካል። በሁለት ቃል መግለጫ መሣሪያን ለሥራ ማሰማራት የሰው ድካም የተከማቸበትን መዝገብ ለጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው።

መግለጫው ቢያንስ ይህን ሊል ይገባል፦ «ይህ መሣሪያ የኮሜንቱን ሙሉ ጽሑፍ ይተካል። አስቀድመህ ኮሜንቱን አንብብ፤ የሚታረመውን ብቻ ለውጠህ፣ የቀረውን ሳትነካ፣ ሙሉውን መልሰህ ላክ። አዲስ ሐሳብ ለመጨመር ይህን መሣሪያ አትጠቀም፤ አዲስ ኮሜንት ጻፍ።» የመስኩም ማብራሪያ «ጽሑፍ» ተብሎ አይተው፤ «ከእርማቱ በኋላ የሚኖረው ሙሉ ጽሑፍ» ይባል።

ማስጠንቀቂያ፦ መግለጫ ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ጽሑፍ ከነባሩ በግማሽ ካጠረ መሣሪያው ራሱ እንቢ ይበል፤ የሰው ፈቃድም ይጠይቅ።

መግለጫው ተስተካክሎም የኮሜንቱ መጨረሻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ የሚመረመረው የማንበቢያው መሣሪያ ነው። አንዳንድ ማንበቢያዎች ረጅም ጽሑፍን በባይት ቆጥረው ይቆርጣሉ፤ ኤጀንቱም የተቆረጠውን ሙሉ መስሎት መልሶ ይጽፈዋል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ስልት) አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 4000 ባይት የሚፈቅድ ማንበቢያ ከ1300 ፊደላት ብዙም ሳይርቅ የአማርኛውን ጽሑፍ ይቆርጣል። በእንግሊዝኛ ብቻ የፈተነ ሰው ይህን አያየውም። መቆረጡ በፊደል መካከል ከወደቀ በጽሑፉ ጫፍ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይታያል፤ ይህ ምልክት ከታየ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት የባይት ገደቡን ይመልከቱ። መፍትሄው በፊደል መቁጠር፣ ጽሑፉ ሲቆረጥም «ተቆርጧል» ብሎ በግልጽ ማሳወቅና ተቆርጦ የተነበበ ኮሜንት እንዳይታረም መከልከል ነው።

ምልክት፦ «የሚተካው ጽሑፍ አልተገኘም» ይላል፤ ጽሑፉ ግን በዓይን ይታያል።

ይህ የሚደርሰው ነባሩን ሐረግ ፈልገው በአዲስ በሚተኩ መሣሪያዎች ላይ ነው። ኮሜንቱ «ባሕር ዳር» ወይም «ጐጃም» ይላል፤ ሞዴሉ ሐረጉን ሲደግም «ባህር ዳር» ወይም «ጎጃም» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት) ግን ሕ እና ህ፣ ጐ እና ጎ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። አንዳንዶች የኮሜንቱን ፊደላት በሙሉ ወደ አንድ ዓይነት በመለወጥ ሊፈቱት ይሞክራሉ፤ ይህ የሌላውን ሰው አጻጻፍ ያለ ፈቃዱ መቀየር ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። ፊደላቱ ለማነጻጸር ብቻ አንድ ይደረጉ፤ እርማቱ ግን በዋናው ጽሑፍ ላይ፣ በተገኘበት ቦታ ብቻ ይግባ። ሐረጉ ከአንድ ቦታ በላይ ከተገኘ መሣሪያው ማረሙን ትቶ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።

ምልክት፦ 404 («አልተገኘም» የሚል የስህተት መልስ)።

ብዙውን ጊዜ ኤጀንቱ በኮሜንቱ መለያ ፈንታ የኢሹውን ቁጥር ልኳል። በመግለጫው «የኢሹ ቁጥር» እና «የኮሜንት መለያ» ተለይተው ይጻፉ። መለያው ትክክል ከሆነ የቶክኑን ፈቃድ ይመልከቱ፤ ጊትሃብ ፈቃድ ለሌለው ጠያቂ የግል የኮድ ማከማቻ መኖሩን ስለማይገልጽ የሚመልሰው 404 ነው።

መከታተያው ጊትሃብ ሳይሆን ጂራ ከሆነ፣ በኤፒአዩ (ፕሮግራሞች ከአገልግሎቱ ጋር በሚገናኙበት መንገድ) 3ኛ ስሪት ኮሜንት ተራ ጽሑፍ ሆኖ አይላክም፤ የራሱ የሰነድ መዋቅር አለው።

ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ ኤጀንቱን እንደገና አያስነሱ። በጊትሃብ የኮሜንቱ የእርማት ታሪክ ስለሚቀመጥ ነባሩን ከዚያ ገልብጠው በእጅ ይመልሱት። ማስጠንቀቂያ፦ በዚሁ ምክንያት በኮሜንት ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃል ወይም ቶክን በማረም አይጠፋም፤ ወዲያውኑ ይሰረዝ፣ በአዲስም ይተካ።

ከስንት አንዴ፣ ኤጀንቱ አንብቦ እስኪጽፍ ባለው ጊዜ ሌላ ሰው ያንኑ ኮሜንት ያርምና የሰውየው እርማት ይዋጣል። መሣሪያው ከመጻፉ በፊት ኮሜንቱ መጨረሻ የታረመበትን ሰዓት ካነበበው ጋር ያነጻጽር፤ ከተለያየ እንደገና ያንብብ።