በኤልደን ሪንግ ደጋግሞ ለሚሸነፍ ጀማሪ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በ2022 የወጣው የቪዲዮ ጨዋታ ኤልደን ሪንግ ጀማሪን የሚያስመርረው ከባድ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተሸነፈ ስለማይነግረውም ነው። ያልተሻሻለ ሰይፍ፣ የከበደ ጥሩርና የተጣደፈ ጣት የሚያመጡት ውጤት ያው ሞት ስለሆነ፣ ብዙዎች ጥፋቱ የሰይፉ ሆኖ ሳለ እጃቸውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ የእጃቸው ሲሆን ደግሞ ሌቨል ለማሳደግ ሲደክሙ ይውላሉ። ስለዚህ አንዳች ነገር ከመቀየርዎ በፊት የሚሞቱበትን ሁኔታ ከሚከተሉት ምልክቶች ጋር ያስተያዩ።

ጠላት ቢመታም ሕይወቱ አይቀንስም

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ምስል ይመልከቱ። ቀይ የኤክስ ምልክት ካለበት መሣሪያው የሚጠይቀውን አቅም አላሟሉም ማለት ነው፤ የጎደለው ስትሬንግዝ (የጥንካሬ ነጥብ) ከሆነ መሣሪያውን በሁለት እጅ መያዝ አቅሙን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ ስለሚያስቆጥር፣ 12 ስትሬንግዝ ያለው ሰው 18 የሚጠይቅ ሰይፍ በአግባቡ ሊጠቀም ይችላል።

ምልክቱ ከሌለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰይፉ አለመሻሻሉ ነው። ጀማሪ ሩኑን (ጠላት ገድሎ የሚያገኘውንና ለሌቨል የሚከፍለውን ገንዘብ) ሁሉ ስትሬንግዝ ወይም ዴክስተሪቲ (የቅልጥፍና ነጥብ) ላይ ያፈሳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሌቨሎች አንድ ነጥብ ለምቱ የሚጨምረው ጥቂት ሲሆን፣ መሣሪያውን ማሻሻል ግን የራሱን ጉልበትም ከእርስዎ አቅም የሚያገኘውን ጭማሪም አብሮ ያሳድጋል። በጨዋታው መነሻ አካባቢ በሚገኘው ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ቸርች ኦፍ ኤሌ፣ ባለው የማሻሻያ ጠረጴዛ ላይ ተራ መሣሪያ እስከ +3 ይሻሻላል። ለዚህም በየደረጃው 2፣ 4 እና 6፣ በድምሩ 12 «ስሚቲንግ ስቶን 1» የተባለ የማሻሻያ ድንጋይ ያስፈልጋል። ከአጊል ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የሊምግሬቭ (የመጀመሪያው ክልል) ዋሻ ግድግዳ ላይ ይህ ድንጋይ ተለጥፎ ይገኛል። ከ+3 በላይ ለማሻሻል ራውንድቴብል ሆልድ በተባለው መሰብሰቢያ ወዳለው አንጥረኛ ወደ ሂውግ ይሂዱ። ተራ መሣሪያ እስከ +25 ሲደርስ በሶምበር ድንጋይ የሚሻሻለው ልዩ መሣሪያ በ+10 ስለሚያበቃ፣ የሁለቱን ቁጥር እኩል አድርገው አያወዳድሩ። የተጠቀሙበት ድንጋይ አይመለስም፤ በዚህ ምክንያት ለሦስት ሰይፎች ከማከፋፈል አንዱን መርጦ መግፋት ይሻላል።

በሁለት ምት መሞት

ምክንያቱ የሕይወትን መጠን የሚወስነው ነጥብ፣ ቪጎር፣ ማነሱ ነው። በ10 ቪጎር 414 የነበረው ሕይወት በ40 ቪጎር 1450 ይደርሳል፤ ከ60 በኋላ ግን ጭማሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውን ትልቅ ቦስ (ዋና ጠላት) ከመግጠም በፊት ቪጎርን ቢያንስ 20 ማድረስ ከማንኛውም የጥሩር ቅያሪ ይበልጣል። ጎልደን ሲድ የተባለው ዕቃ የመድኃኒት ጠርሙሶችን ብዛት እስከ 14 ያሳድጋል፤ ሴክሪድ ቲር የተባለው ደግሞ እያንዳንዱ ጉንጭ የሚመልሰውን ሕይወት ይጨምራል።

ሮል (ተንከባልሎ ማምለጥ) እያደረጉም መመታት

እዚህ ላይ ሁለት ምክንያቶች ስለሚደባለቁ ቀላሉን አስቀድሞ ማስወገድ ይገባል። የተሸከሙት ዕቃ ከሚችሉት ክብደት 70 በመቶ ሲያልፍ ሮሉ ከባድና ቀርፋፋ ይሆናል። መፍትሄው የማይጠቀሙበትን ሁለተኛ መሣሪያ ማውለቅ፣ ካልበቃም የራስ ቁሩን ማቅለል ነው።

ክብደቱ ልክ ሆኖ ከተመቱ ጉዳዩ የጊዜ ነው። የሮሉ ቁልፍ ለሩጫም ስለሚያገለግል፣ ሮሉ የሚፈጸመው ቁልፉን ሲጫኑ ሳይሆን ሲለቁት ነው፤ በድንጋጤ አጥብቆ የያዘ ተጫዋች ገጸ ባሕሪው የዘገየበት ይመስለዋል። ደጋግሞ የሚጫን ደግሞ ያላሰበው ሁለተኛ ሮል ይከተለዋል። ወደ ስቶርምቬል ግንብ በሚወስደው ድልድይ ላይ የሚጠብቀው ቦስ ማርጊት ይህን ድክመት ለማጋለጥ የተሠራ ይመስላል፤ ዱላውን ከራሱ በላይ ያነሣና እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ጀማሪው ዱላው ሲነሣ አይቶ ይንከባለላል፣ ከመሬት ሲነሣ ዱላው ያርፍበታል። ስለዚህ ዐይንዎን ዱላው ላይ ሳይሆን ክንዱ ላይ ያድርጉ፤ ክንዱ መውረድ ሲጀምር ብቻ ቁልፉን ነካ አድርገው ይልቀቁ፤ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ እርሱ ጎን ይንከባለሉ፤ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ለቀጣዩ ምት ተመቻችቶ ይገኛል። እኔ ይህን የተማርኩት ሩኔን ሁሉ አስቀድሜ አጥፍቼ፣ አንድም ጊዜ ሳልመታው፣ ማምለጥን ብቻ በመለማመድ ነበር። በርቀት ቆሞ መድኃኒት መጠጣትም አያዋጣም፤ ማርጊት ጠርሙሱ ሲነሣ አይቶ የብርሃን ጩቤ ይወረውራል።

ጋሻ ይዞ መዛል

ጉልበትን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ባዶ ሆኖ የሚመጣን ምት የሚመክት ሰው መከላከያው ይከፈትበታል፣ ራሱም ይንገዳገዳል። ጋሻ እንደተነሣ ጉልበት በዝግታ ስለሚመለስ፣ በምቶች መካከል ዝቅ ማድረግን ይልመዱ፤ ለአንድ ሮል የሚሆን ጉልበትም ሁልጊዜ ያስቀሩ።

ሩን መጥፋት

ሲሞቱ የወደቀው ሩን አንድ ጊዜ ብቻ ሊነሣ ይችላል፤ ሳያነሡት ዳግም ከሞቱ የመጀመሪያው ለዘለዓለም ይጠፋል። ወደ ቦሱ የጭጋግ በር ከመግባትዎ በፊት አቅራቢያ ባለው ሳይት ኦፍ ግሬስ (የማረፊያ ቦታ) ተቀምጠው ለሌቨል የሚበቃውን ያህል ያውሉት።