ልጃችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻ አደራ ቤተሰብ (ለጊዜው የሚያሳድገው ቤተሰብ) ዘንድ ያለ ልጃችሁን ልትጠይቁ ነው? በር ላይ ዘላችሁ አትቀፉት። የ3 ዓመት ልጅ ለሳምንት ሳያያችሁ ቆይቶ ቢያፍራችሁ ጠልቷችሁ አይደለም። መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ራሱ ይመጣል።

ብስኩት ከመከመር ሁሌም አንድ ዓይነት ጨዋታ ይሻላል። እኔ የካልሲ ኳስ ሻሼ ስር ደብቄ «የት ገባች?» እላለሁ። አሁን ልጄ ገና ሳልቀመጥ ሻሼን ይጎትታል፤ ፀጉሬ ጉድ ይሆናል!

ስትወጡ ግን ተደብቃችሁ አትሂዱ። ቢያለቅስም «እሁድ እመጣለሁ» በሉት፣ እሁድ ደግሞ ኑ። መምጣታችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቀን አትቁረጡ። የለበሳችሁትን ሻሽ ተዉለት፤ ሽታችሁ አብሮት ያድራል። የምታሳድገውንም እናት እሱ እያየ አመስግኗት፣ ማታ በምን እንደሚተኛም ጠይቋት። የኔው ጀርባው ካልታሸ አይተኛም አሉ።