እንግሊዝ አገር ዶሮ ለመያዝ ላሰባችሁ የጎንደር ልጆች

ጓሮ ያለው ቤት መከራየቴን ለእናቴ ጎንደር ደውዬ ስነግራት ስለ ኪራዩ አልጠየቀችኝም። «ታዲያ ዶሮ አትይዝም?» ነው ያለችኝ። አዘዞ ላደገ ሰው ጓሮ ማለት ዶሮ ነው።

ይቻላል። ግን እንደ አገራችን ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ሁለት ቄብ አንጠልጥሎ መመለስ የለም።

መጀመሪያ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ውሉ እንስሳ ቢከለክልም፣ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ሴት ዶሮ መያዝን ሕግ ይፈቅዳል፤ ግን ከአከራዩ ጋር ጠብ እንዳይመጣ ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። አከራዩ በቃል «ችግር የለም» ቢላችሁም በጽሑፍ ተቀበሉት።

ቀጥሎ ምዝገባ አለ። ድሮ ግዴታው 50 እና ከዚያ በላይ ዶሮ ላለው ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በእንግላንድና በዌልስ አንዲት ዶሮ ያለውም በአንድ ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምክንያቱ የወፍ ጉንፋን ነው፤ በሽታው ሲነሳ መንግሥት ዶሮ የት የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ክፍያ የለውም።

እኔን ጉድ ያደረገኝ ሌላ ነው። እናቴ ከምሳ በኋላ የሞሰቡን ፍርፋሪ ደጅ ስታራግፍ ዶሮዎቹ ከያሉበት ይሮጡ ነበር። እኔም እዚህ እንደዚያው የእንጀራ ፍርፋሪ ስበትን ከረምኩ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ አይታ «ይሄ እኮ ክልክል ነው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነቷን ነው። ከቤት ኩሽና የወጣ ትራፊ ለዶሮ መስጠት በሕግ ይከለከላል። ነገሩ በ2001 (እ.ኤ.አ.) እዚህ ከተነሳው የአፍና የእግር በሽታ ጋር ይያያዛል። ያኔ በሽታው የተነሳው በደንብ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ ከበሉ አሳማዎች ነው ተብሎ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ታርዷል።

«የጾም እንጀራ ነው» ብትሉም አያድንም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ዓመቱን ሙሉ የማይገባበት ቤት ካልሆነ፣ ሁዳዴ ብቻውን አይቆጠርም። ከጓሮ የቀጠፋችሁትን ጎመን እዚያው ብትወረውሩላቸው ይፈቀዳል። ያንኑ ጎመን ኩሽና አስገብታችሁ ብታወጡት ግን ክልክል ነው። እኔ አሁን የዶሮ መኖ ገዝቼ አርፌ ተቀምጫለሁ።

አውራ ዶሮስ? በአገር ደረጃ የሚከለክል ሕግ የለም። ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሲጮህ ጎረቤት ለካውንስል (ለአካባቢው አስተዳደር) ካመለከተና ካውንስሉም ነገሩን ካመነበት፣ ድምፁን አስቁም የሚል ትእዛዝ ይመጣባችኋል። እናቴ «አውራ የሌለው ምን ዶሮ ነው?» ብላ ታሾፋለች። ጫጩት ካላማራችሁ ግን እንቁላሉ ያለ አውራም ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እንቁላሎች ለጎረቤት ብትሰጡ ደግሞ አትከስሩም።

ማታ ማታ ቤታቸውን በደንብ ቆልፉ። እዚህ ሸለምጥማጥ የለም። ቀበሮው ግን የለንደንን አጥር እንደ ድመት ነው የሚሄድበት።