ለጥቂት ያሸነፈ መሪ ምን ያህል ይሁንታ አለው? ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ምርጫ ለጥቂት ባለቀ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አሸናፊው «ሕዝብ መርጦኛል» ይላል። ተሸናፊው «ግማሹ አልመረጠህም» ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚሳሳቱት ከዚያ ቀጥለው በሚሉት ነው።

አንዱ ስህተት ሥልጣኑን ራሱን መካድ ነው። በሕጉ መሠረት ያሸነፈ ሰው፣ በአንድ ድምፅም ቢሆን፣ ሥልጣኑ ሙሉ ነው። የአሜሪካው ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1960 በሕዝብ ድምፅ ተቀናቃኛቸውን ኒክሰንን የበለጡት አንድ በመቶ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነበር። ግማሽ ፕሬዝዳንት ግን አልነበሩም። ቆጠራው ተጭበርብሯል የሚል ካለ ማስረጃውን ይዞ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ግን የአሸናፊው ስህተት ነው፦ ድሉን ለፕሮግራሙ በሙሉ እንደተሰጠ ፊርማ መቁጠር። አንዱ የመረጠው ኑሮ ስለተወደደበት ነው። ሌላው ተቀናቃኙን ስለማይወድ ብቻ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ይህን አይናገርም። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2004 በ50.7 በመቶ ድጋሚ ሲመረጡ የፖለቲካ ካፒታል (ዕቅድን ለማስፈጸም የሚያስችል የሕዝብ ድጋፍ) አግኝቻለሁ፣ እጠቀምበታለሁ አሉ። ወዲያው የጡረታ ሥርዓቱን ለመቀየር ተነሱ። ፓርቲያቸው ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዞ ነበር፤ ዕቅዱ ግን ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀረ። በኬንያ ደግሞ ዊልያም ሩቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሸነፉት ከ50 በመቶ ትንሽ ከፍ ብለው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርላማው ያጸደቀውን የግብር ረቂቅ ወጣቱ አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። ሰው ሞተ። ሩቶም አልፈርምም ብለው ረቂቁን መለሱት። ሁሉም የጠባቡ ድል ጣጣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰፊ ድልም ቢሆን ግብርን ተወዳጅ አያደርገውም።

ወንበርን ከድምፅ ጋር ማምታታትም አለ። የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 34 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ከ60 በመቶ በላይ ወንበር ያዘ። ወንበሩ ሕግ ለማውጣት ይበቃል፣ የሕዝቡን ልብ ግን አይለካም።

ሌላው፣ የሚመለሰውንና የማይመለሰውን ውሳኔ እኩል ማየት ነው። በጀት በሚቀጥለው ዓመት ይስተካከላል። ሕገ መንግሥት ወይም ከአንድ ኅብረት መውጣት ግን ሌላ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ51.9 በመቶ ድምፅ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ወሰነች፤ እንዴት እንደምትወጣ ስትጨቃጨቅ ግን ዓመታት ፈጀች። ብዙ አገሮች ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጨረሻ፣ የድምፅ ልዩነቱ ጠባብ ነው ብሎ ፈርቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ስህተት ነው። የመረጡት ሰዎች አንድ ነገር ጠብቀዋል። አሸናፊው ተቃዋሚም ሊስማማበት ከሚችለው ይጀምር፤ አወዛጋቢውን ካስረዳ በኋላ ያምጣው።