ጋራንቲው ያለቀ ሚረርለስ ካሜራ ሻተሩ ሲበላሽ ምን ማድረግ አለባችሁ?

በሰርግ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ብቅ ብትሉ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች ተደርድረው ታገኛላችሁ። አብዛኛው ፎቶ አንሺ የያዘው ያገለገለ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ ነው። ጋራንቲው ወይ ድሮ አልቋል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «ካሜራ ኤረር፣ አጥፍተው ያብሩ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ሁሉም ነገር እኛው ላይ ይወድቃል። ምክሬ አጭር ነው፦ የተበላሸው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ብር አታውጡ፣ ካሜራውንም አታስከፍቱ። የተበላሸው ሻተሩ (ፎቶውን በሚቀዳው ሴንሰር ፊት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ነው ተብሎ ተፈትቶ ሻተሩ ደህና ሆኖ የተገኘ ካሜራ አውቃለሁ። ከተፈታ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም።

ቀላል ቀላሉን አስቀድሙ

ባትሪውን አውጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና መልሱ። የምትጠቀሙት ኮፒ ባትሪ ከሆነ ኦሪጅናል ተዋሱና ሞክሩ። የደከመ ባትሪ ሻተሩ የሚፈልገውን ኃይል በቅጽበት መስጠት ሲያቅተው ካሜራው ኤረር ሊያወጣ ይችላል። ሜሞሪም ቀይሩ። ቀጥሎ ሌላ ሌንስ ግጠሙ። ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳት የሚፈቅድ ምርጫ ካለ እሱን አብሩና ቦዲውን (ሌንስ የሌለበትን የካሜራውን አካል) ብቻውን አስነሱት። ያለ ሌንስ በደንብ ከሠራ ችግሩ ያለው ሌንሱ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ካነን ከሆነ ቁጥሩን ጻፉት። ኤረር 01 ሌንሱና ቦዲው መገናኘት እንዳልቻሉ ይናገራል፣ ኤረር 20 የሜካኒካል ክፍል ብልሽት ነው፣ ኤረር 30 ደግሞ በቀጥታ ሻተሩን ይጠቅሳል።

አንዳንድ አዳዲስ ቦዲዎች ሲጠፉ አቧራ እንዳይገባ ሻተራቸውን ራሳቸው ይዘጋሉ። ይህ ብልሽት አይደለም። አብርታችሁ እዩት።

የነጭ ግድግዳ ፈተና

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ አትዝለሉት። ፈተናው እንዲገባችሁ ግን የሻተሩን አሠራር ማወቅ አለባችሁ።

ሚረርለስ ላይ ሻተሩ ሥራ ሲፈታ ክፍት ነው። ሌንሱን ስታወልቁ ሴንሰሩ ፊት ለፊት የሚታያችሁ ለዚህ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ መጋረጃው መጀመሪያ ይዘጋል። ከዚያ አንደኛው መጋረጃ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ከኋላው እየተከተለ ይዘጋል፣ በመጨረሻ ሁሉም ወደ ክፍት ቦታው ይመለሳል። እንደ 1/4000 ሰከንድ ባለ ፍጥነት ሁለቱ መጋረጃዎች በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ብቻ ትተው ይሮጣሉ። አንዱ ትንሽ ከዘገየ የፎቶው አንድ ጫፍ ይጨልማል። በ1/30 ግን ያው መዘግየት አይታወቅም። «ቀስ ባለ ፍጥነት ይሠራል፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚባለው ለዚህ ነው የማያስኬደው።

አሁን በቀን ብርሃን ደጅ፣ ጥላ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሙ። ካሜራውን ማኑዋል አድርጉት። ሻተሩን ሜካኒካል ላይ አድርጉ፤ የኤሌክትሮኒክ ፈርስት ከርተን ምርጫ (የአንደኛውን መጋረጃ ሥራ ለሴንሰሩ የሚሰጥ) ካለ አጥፉት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሻተር 1/30 ላይ ግድግዳው በልኩ እንዲወጣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) አስተካክሉና አንሱ። ከዚያ ሻተሩን ወደ 1/250፣ 1/1000 እና 1/4000 እያሳደጋችሁ አይኤስኦውን በዚያው ልክ ጨምሩ፤ 1/4000 ላይ 12800 አካባቢ ትደርሳላችሁ። በእያንዳንዱ ፍጥነት ደጋግማችሁ አንሱ። የታመመ ሻተር አንዱን ደህና አንስቶ ቀጣዩን ያበላሻል።

ከዚያ ያለ መጋረጃ በሴንሰሩ ብቻ የሚያነሳውን ኤሌክትሮኒክ ሻተር አብሩ፤ ሶኒ ላይ ሳይለንት የሚባለው ነው። ያንኑ ድገሙት። በሜካኒካል የታየው ጥቁር ጫፍ በኤሌክትሮኒክ ከጠፋ ጥርጣሬው ሻተሩ ላይ ይጸናል። በሁለቱም ከታየ ግን መጋረጃው ሴንሰሩን ሸፍኖ እንዳልቀረ እዩ፤ ካልሸፈነው ሻተር ብትቀይሩ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ፤ ሴንሰሩን ወይም ሌላ ክፍል ነው ማስፈተሽ።

ደጅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአዳራሽ ኤልኢዲ ራሱ ፎቶ ላይ መስመር ይሠራል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። መስመሩ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ከጠፋ ከመብራቱ ነው። በፍላሽ ስታነሱ የፎቶው ከፊል ከጨለመም መጀመሪያ ፍጥነታችሁን እዩ። ሶኒ ኤ7 ስሪ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው እስከ 1/250 ነው። ከዚያ በላይ በተራ ፍላሽ ጥቁር ቢመጣ ካሜራው ጤነኛ ነው።

ውስጡን ማየት

ንፋስ የሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ቬንትሌተር አጥፍታችሁ፣ ሌንሱን አውልቁ። በስልክ መብራት በሰያፍ እዩ። መጋረጃው የተደራረቡ ስስ ጥቁር ቅጠሎች ነው። ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ሴንሰሩ ከታየ ጥሩ። ሲጠፋ ራሱን የሚዘጋ ቦዲ ሳይሆን ጨርሶ ተዘግቶ ከቀረ ወይም አንዱ ቅጠል ጎብጦ፣ ከመስመሩ ወጥቶ ከታየ ፎቶ አንሱትና ክዳኑን መልሱ። ካሜራውንም ደግማችሁ አታብሩት።

በጣት፣ በጥጥ፣ በወረቀት ጫፍ አትንኩት። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየር ደግሞ አጠገቡ አታድርሱት፤ ግፊቱ ቅጠሎቹን ያጎብጣል። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ከቦታው የወጣ ቅጠል በእንጨት ገፋ አድርጎ መለሰው። ቅጠሉ ገባ። ቀጥሎ ሲያነሳ ግን ተቀንጥሶ የሴንሰሩን መስታወት ጫረው። የሻተር ብቻ የነበረው ጥገና የሴንሰርም ሆነ።

የተቀበላችሁት ሥራ ካለ

መጋረጃው ክፍት ሆኖ ቆሞ ካሜራው እሺ ካለ፣ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ጥቂት መሥራት ይቻላል። ቪዲዮም ሜካኒካል ሻተሩን አይፈልግም። ነገር ግን በአብዛኛው ካሜራ ፍላሽ አብሮት አይሠራም፣ ሙሽሮቹ ጭፈራ ሲጀምሩም የሚወዛወዝ እጅ ይጣመማል። ስለዚህ ቋሚ መብራት ተጠቀሙ። ለሰርግ ግን ሌላ ቦዲ ተከራዩ። ያ ቀን አይደገምም።

መጠገን ወይስ መተው?

የሻተሩን ሙሉ ዩኒትና የእጅ ዋጋ ደምራችሁ ጠይቁ። ከዚያ ያው ሞዴል ያገለገለ ቦዲ ስንት እንደሆነ እዩ። ጥገናው ከቦዲው ግማሽ ካለፈ እኔ አላስጠግንም። የሻተሩን ዕድሜም አስቡበት። ኤ7 ስሪ ለ200,000 ምት ያህል የተፈተነ ነው። ያ ቁጥር ዋስትና አይደለም፤ ቀድሞ የሚሞትም አልፎ የሚሄድም አለ።

ራሳችሁ አትፍቱት። ሴንሰሩ ሥር ያሉት ስስ ማስተካከያዎች ከተዛነፉ ፎኮሱ ይዛባል። አብሮት የተሠራ ፍላሽ ያላቸው እንደ ሶኒ ኤ6400 ያሉት ደግሞ ባትሪ ከወጣም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ካፓሲተር አላቸው። ለስልክ ጠጋኞቻችን ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ብየዳ ላይ እጃቸው ወርቅ ነው። የሻተር ሥራ ግን ከብየዳ ይለያል። ሻተር የቀየረ ሰው ፈልጉ። ከሌላ ካሜራ ቅጠል ነቅሎ መለጠፍንም አልቀበልም፤ ዩኒቱ ሙሉውን ይቀየር።

ሀዋሳ ውስጥ የምታምኑት ሰው ካላችሁ እሰየው። ካልሆነ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰው ከመላክ ራሳችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ሜሞሪና ባትሪ አውጡ፣ ሴሪያል ቁጥሩን መዝግቡ፣ የግድግዳውን ፎቶዎች ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ አሳዩት። «አይሠራም» ከማለት እነዚያ ፎቶዎች ይበልጣሉ።

ስትረከቡ የግድግዳውን ፈተና እዚያው ድገሙት። ፍላሽ ገጥማችሁ ሞክሩ። ከዚያ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ አንሱና አራቱንም ማዕዘን አጉሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ሴንሰሩ ሲመለስ ተዛንፎ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ይስተካከል። የተነሳውን አሮጌ ሻተርም ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሰርግ ሁለተኛ ቦዲ ቦርሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሥሩ።