የትዳር ግሪን ካርድ ኢንተርቪው፦ ባልና ሚስት ምን ይዘው፣ እንዴት ይቅረቡ?

አሜሪካ ውስጥ ሆነው በትዳር ግሪን ካርድ ያመለከቱ ባልና ሚስት የኢንተርቪው ጥሪ ሲደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው «ፍቅራችንን እንዴት እናሳምናቸው?» የሚለው ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (ዩኤስሲአይኤስ) ኦፊሰር ግን ጠረጴዛው ላይ ፋይል ዘርግቶ ነው የሚጠብቃችሁ። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ የምትናገሩት ከሞላችሁት ፎርም ጋር መግጠሙን፣ የአንዳችሁ መልስ ከሌላችሁ ጋር መስማማቱን፣ ሁለቱም ደግሞ ከዚህ ቀደም ለቪዛ ወይም ለዲቪ ስታመለክቱ ከሰጣችሁት መረጃ ጋር አለመጋጨቱን። ስለዚህ መጀመሪያ የአይ-130 (የትዳር ጓደኛ ማስመጫ)፣ የአይ-485 (የግሪን ካርድ ማመልከቻ) እና የአይ-864 (የገቢ ዋስትና) ፎርም ቅጂዎቻችሁን አውጡና ሁለታችሁም አብራችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ፎርሙን የሞላላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ይሄ ለነገ የማይባል ሥራ ነው። የቀድሞ አድራሻ፣ የሥራ ቀን፣ አሜሪካ የገባችሁበት ቀን ተሳስቶ ካገኛችሁ በወረቀት ላይ ጻፉትና ኢንተርቪው ሲጀመር ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ኦፊሰሩ ፎርሙ ላይ ያርመዋል፤ እሱ ቀድሞ ሲያገኘው ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ጥሪው በደብዳቤ ነው የሚመጣው። ቤት ቀይራችሁ ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ በኤአር-11 ፎርም አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ያላሳወቀ ሰው ቀጠሮው እንዳለ ሳያውቅ ያልፈዋል። ሳያሳውቁ መቅረት ማመልከቻውን እንደተዉት ተቆጥሮ ውድቅ ያስደርጋል። መቅረብ የማትችሉበት በቂ ምክንያት ካለ ከቀኑ በፊት ወደ ዩኤስሲአይኤስ በ1-800-375-5283 ደውላችሁ ቀጠሮው እንዲቀየር ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ማስረጃ ያዙ። አመልካቹ ብቻ ሳይሆን አስመጪው (አይ-130 ያስገባው) ባል ወይም ሚስትም መቅረብ አለባቸው።

ሰነዶቹ

ሁሉንም በኦሪጅናልና በቅጂ ያዙ፦ ፓስፖርት (ጊዜው ያለፈበትና ቪዛው ያለበትም ጭምር)፣ አይ-94 (አሜሪካ መግባታችሁ የተመዘገበበት ወረቀት)፣ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የአስመጪው የዜግነት ወይም የግሪን ካርድ ማስረጃ፣ ሁለታችሁም ከዚህ በፊት የነበራችሁ ትዳር ሁሉ የፈረሰበት ወረቀት። የሕክምና ምርመራው አይ-693 ከዲሴምበር 2 ቀን 2024 ጀምሮ ከአይ-485 ጋር አብሮ መግባት አለበት። ከዚያ በፊት አመልክታችሁ ገና ካላስገባችሁት የታሸገውን ፖስታ ሳትከፍቱ ይዛችሁ ሂዱ።

ከኢትዮጵያ የመጣ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ይበላሻል። የመጀመሪያው ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1984 ሴፕቴምበር 12 ቀን 1991 ነው እንጂ 11 አይደለም፤ ከፈረንጆቹ ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚሆንበት) በፊት ባለው መስከረም አንድ ቀን ይገፋል። ተርጓሚው በግምት ከጻፈው ልደታችሁ በፓስፖርቱና በሰርተፊኬቱ ላይ ይለያያል። ሁለተኛው ፍቺ ነው። በሽማግሌ ተለያይተናል ማለት አይበቃም፤ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ስለሆነ ውሳኔው ያስፈልጋል። የድሮው ትዳር በሕግ ካልፈረሰ አዲሱ አይጸናም፤ ይሄ ኢንተርቪው ላይ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ሦስተኛው ዘግይቶ የወጣ የልደት ሰርተፊኬት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. በመሆኑ ብዙ ሰው ያወጣው ካደገ በኋላ ነው። የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ ወይም የክትባት ካርድ ካላችሁ አብራችሁ ያዙ።

ትርጉም ሁሉ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ የፈረመበት ይሁን። ባል ለሚስቱ ወይም ሚስት ለባሏ ባይተረጉሙ ይሻላል።

ግብርና ገቢ

ብዙ ጥሩ ትዳር የሚሰናከለው እዚህ ጋ ስለሆነ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ከተጋባችሁ በኋላ «ሲንግል» (ያላገባ) ብላችሁ ታክስ ካስገባችሁ፣ ለአንዱ መሥሪያ ቤት ተጋብተናል ለሌላው አልተጋባንም ብላችኋል ማለት ነው። «ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ» (ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር) ከሆነማ ይብሳል፤ ያገባ ሰው በዚያ ለማስገባት በአብዛኛው የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወር ከትዳር ጓደኛው ጋር አለመኖር ስላለበት፣ ወረቀታችሁ ራሱ አብረን አልኖርንም ብሎ ይመሰክርባችኋል። ከኢንተርቪው በፊት 1040-ኤክስ በተባለው የታክስ ማስተካከያ ፎርም አስተካክሉና የማስተካከያውን ቅጂ ያዙ።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚነዳ አስመጪ ደግሞ ገቢውን ሲያሰላ ኩባንያው የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ያስባል። የሚቆጠረው ግን የማይልና የመኪና ወጪ ተቀንሶ ታክሱ ላይ የቀረው ነው። 60,000 ዶላር ሠርቶ ታክስ ላይ 18,000 ያሳየ ሰው በአይ-864 ላይ ያለው 18,000 ነው። በ2025 መመሪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚፈለገው ዝቅተኛ ገቢ 26,437 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ይቀየራል፣ የቤተሰብ ቁጥር ሲጨምርም ይጨምራል። ካልሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ዋስ ፈልጉ፤ የራሱን አይ-864፣ ታክስ፣ የቅርብ የደመወዝ ወረቀትና የዜግነት ወይም የግሪን ካርድ ማስረጃ ይስጣችሁ።

አብሮ የመኖር ማስረጃ

ካመለከታችሁ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳይ አዲስ ማስረጃ ጨምሩ። በሁለታችሁ ስም ያለ የቤት ኪራይ ውል፣ የጤናና የመኪና ኢንሹራንስ፣ የመብራትና የስልክ ሒሳብ፣ የልጅ ልደት ሰርተፊኬት ጠንካሮች ናቸው። የጋራ የባንክ ሒሳብ ክብደት የሚኖረው ኪራይ ሲከፈልበት፣ አስቤዛ ሲገዛበት፣ ደመወዝ ሲገባበት ነው፤ 200 ዶላር ተቀምጦበት ያልተነካ ሒሳብ ብዙም አይረዳም። እቁብ ወጥቶላችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ካስገባችሁ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ተዘጋጁ። ፎቶ ከ15 እስከ 20 ይበቃል፤ ሁሉም የሠርግ ቀን አይሁን። መልስ፣ ክርስትና፣ የበዓል ቀን፣ ከወላጆች ጋር የተነሣችሁት ይግባበት፤ ከጀርባው ቀኑና የሰዎቹ ስም ይጻፍ።

ባል የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ወሩን መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ወይም አንዳችሁ ሌላ ስቴት የምትሠሩ ከሆነ፣ ሁልጊዜ አብረን ነን አትበሉ። እውነቱን ተናገሩና የሥራውን ማስረጃ፣ የትኬት ደረሰኝና የስልክ ልውውጥ አሳዩ።

አስተርጓሚ

እንግሊዝኛ የሚከብደው ካለ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። ዕድሜው 18 የሞላ፣ መታወቂያ የያዘ፣ ጂ-1256 የተባለው የአስተርጓሚ ፎርም ላይ የሚፈርም መሆን አለበት፤ ጠበቃችሁ ወይም ምስክራችሁ ሊሆን አይችልም። ከመግባታችሁ በፊት ስለ ሰዓት ተነጋገሩ። ሚስት «12 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ይወጣል» ብላ ጠዋቱን ስትናገር አስተርጓሚው እንዳለ 12 ካለው፣ ባል ደግሞ 6 ካለ፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት ፋይሉ ላይ ይሰፍራል። የአክስት ልጅንም እህቴ ወይም ወንድሜ አትበሉ፤ ከዚህ በፊት በሞላችሁት ፎርም ላይ ያልተጻፈ ወንድም ድንገት ብቅ ይላል። ባልና ሚስት ለምን አንድ የቤተሰብ ስም እንደሌላችሁ ከተጠየቃችሁ ደግሞ በአገራችን ሁሉም በአባቱና በአያቱ ስም እንደሚጠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ይበቃል።

ውስጥ ሲገቡ

ለፓርኪንግና ለፍተሻ ጊዜ ይኑራችሁ፤ ስልካችሁን ዝጉ፣ መቅዳት ክልክል ነው። ኦፊሰሩ ቀኝ እጃችሁን አስነሥቶ ያስምላችኋል፣ መታወቂያ ያያል፣ ከዚያ በፎርሙ ላይ ያሉትን የ«አዎ/አይደለም» ጥያቄዎች ይጠይቃል። ታስረህ ታውቃለህ ሲባል ክሱ ተዘግቷል ብሎ «አይ» ማለት ስህተት ነው፤ በማኅተም የተረጋገጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ «አዎ» ማለት ነው የሚያዋጣው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ሳታውቁ ለምርጫ ተመዝግባችሁ ከሆነ ከኢንተርቪው በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ስለ ትዳሩ የሚጠየቀው ተራ ነገር ነው፦ የት ተዋወቃችሁ፣ ማን ሽማግሌ ላከ፣ ትናንት ማታ ምን በላችሁ፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ የአማቶችህ ስም ማነው። ለተጠየቀው ሰው ሌላው አይመልስለት። የማታውቁትን «አላውቅም»፣ የረሳችሁትን «አላስታውስም» በሉ፤ ገምቶ መመለስ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ኦፊሰሩ ከተጠራጠረ ለየብቻ አስገብቶ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅና መልሶቹን ያስተያያል። የሐሰት ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው፣ ወደፊትም በማንም በኩል በቤተሰብ ለማመልከት በር ይዘጋል።

ከአገር የመባረር ትእዛዝ፣ የእስር ታሪክ ወይም በድንበር ያለ ፍተሻ አሜሪካ የመግባት ጉዳይ ያለበት ሰው ያለ ጠበቃ አይግባ። በኖቬምበር 2025 ሳንዲያጎ ውስጥ ቪዛቸው ያለፈባቸው የአሜሪካ ዜጎች ባሎችና ሚስቶች ኢንተርቪው ላይ ሳሉ ታስረዋል፤ ቪዛው ያለፈበት ሰውም ቢሆን አስቀድሞ ጠበቃ ቢያማክር ይበጀዋል።

ከዚያ በኋላ

ያኔውኑ ጸድቋል ሊባል ይችላል፣ ለጊዜው ውሳኔ የለም የሚል ወረቀትም ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ውድቅ ማለት አይደለም። ተጨማሪ ማስረጃ ከተጠየቃችሁ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አክብሩ፣ ቢበዛ 84 ቀን ነው፤ የተጠየቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላኩ። ለመከልከል ማሰባቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመጣ ግን ያላችሁ ጊዜ 30 ቀን ገደማ ስለሆነ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ግሪን ካርዱ በጸደቀበት ቀን ትዳራችሁ 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው የ2 ዓመት ካርድ ነው። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ፣ ሳያልቅ፣ የ2 ዓመት ገደቡን የሚያስነሣውን አይ-751 ፎርም ማስገባት አለባችሁ። የዚያን ጊዜም የሚጠየቀው ያው የኪራይ ውል፣ ታክስና የባንክ ወረቀት ስለሆነ፣ ከኢንተርቪው የተመለሳችሁበትን ፎልደር አትበትኑት፤ በየወሩ እያስገባችሁበት ቆዩ።