ሰያፍ መሮን በቶርኖ ላይ መልመድ

ሰያፍ መሮ በቶርኖ (እንጨት በሚያሽከረክር ማሽን) ላይ እንጨት የሚላግበት መሣሪያ ነው። የሚፈራው ስለሚነክስ፣ ማለትም በድንገት እንጨቱ ውስጥ ስለሚሰካ ነው። የሚነክሰው ደግሞ ስለቱ ከኋላው የተሳለው ገጽ ድጋፍ ሳይኖረው የሚሽከረከረውን እንጨት ሲነካ ነው። ልምምዱ ሁሉ ይህን ድጋፍ ለመጠበቅ ነው።

መሮው በሁለቱም ገጽ የተሳለ ሲሆን ስለቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የሾለውን ጫፍ አፍንጫ፣ ሌላውን ተረከዝ እንበለው። ለጀማሪ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል፤ በጠባቡ ላይ አፍንጫውና ተረከዙ ስለሚቀራረቡ ትንሽ ስህተትም ያስነክሳል። ስለቱ ከመሮው ጎን ጋር 70 ዲግሪ ገደማ፣ ሁለቱ የተሳሉ ገጾች በመካከላቸው 35 ዲግሪ ገደማ ይኑራቸው። መሮው የሚያርፍበት የመደገፊያ ብረት ላይ ጭረት ካለ በሞረድ አለስልሱት፤ መሮው እዚያ ላይ ከተደናቀፈ የተላገው እንጨትም ይጎረብጣል።

ጉጥ የሌለው፣ ክሩ ቀጥ ያለ፣ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት አስራችሁ በጎድጓዳ መሮ አድቦልቡሉት። ሳህን በሰያፍ መሮ አትሞክሩ፤ እዚያ የክሩ አቅጣጫ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚለዋወጥ መሮውን ይነጥቃል። የፊት መከለያ አድርጉ፣ ጓንት አውልቁ።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሱ እንጨቱን በእጅ እያዞራችሁ ሞክሩ። መደገፊያውን ከእንጨቱ መሀል ትንሽ ከፍ አድርጉ። አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ፣ ስለቱ ሳይሆን የተሳለው ገጽ እንጨቱ ላይ ይረፍ። ከዚያ እጀታውን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ገጹ ሲንሸራተት ቆይቶ በድንገት ቀጭን ፍቅፋቂ ብቅ ይላል። መቁረጫው በተረከዙና በስለቱ መሀል መካከል ያለው ክፍል ነው። በዚህ አያያዝ አፍንጫው እንጨቱን ከነካ ወዲያው ይነክሳል።

ይህ ሲገባችሁ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር አስነሱ። ከእንጨቱ ጫፍ አትጀምሩ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ውጭ ላጉ። ዓይናችሁ ስለቱ ላይ አይፍጠጥ፣ የእንጨቱን የላይኛውን ጠርዝ ተከተሉ፤ ጉብታና ስርጉድ የሚታየው እዚያ ነው።

የሚወጣው ዱቄት ከሆነ ገጹ ከእንጨቱ ተነስቷል፣ አለበለዚያም ስለቱ ደንዟል። እንጨቱ ላይ ጠመዝማዛ ሞገድ ከታየ አብዝታችሁ ተጭናችኋል፤ ቀጭን እንጨት ከሆነ በአንድ እጅ ጣቶች ከኋላው በስሱ ደግፉት። ጥልቅ ጠመዝማዛ ጉድጓድ ከሆነ ነክሷል፦ አቁሙ፣ እንደገና አድቦልቡሉ።

ሹል ቦይ ለመክፈት መሮው በጎኑ ቆሞ አፍንጫው ወደ ታች ይሁን። እጀታውን ከፍ ስታደርጉ አፍንጫው ይገባል። መሀሉን 2 ሚሊ ሜትር ቁረጡ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ እያሰፋችሁ ጥልቀቱን ጨምሩ። የሚቆርጠው አፍንጫው ብቻ ነው፤ የቀረው ስለት ከቦዩ ግድግዳ በፀጉር ያህል ይራቅ።